ሲያድግ የማይስተካከል ዓይን

በአማርኛ የፖለቲካ ክርክር ባላንጣን ለማጣጣል ከሚመዘዙ ቃላት አንዱ «የተንሸዋረረ አመለካከት» የሚለው ነው። በመግለጫ ይነበባል፣ በጋዜጣ ይጻፋል፣ በፌስቡክ ይወራወሩበታል። ቃሉ የተወሰደው ከሰው ዓይን ነው፤ አንዱ ዓይን ፊት ለፊት ሲያይ ሌላው ወደ አፍንጫ ወይም ወደ ጆሮ ከሚያዘነብልበት ሁኔታ። የሚገርመው ግን ቃሉን በየቀኑ እንደ ስድብ የሚጠቀም ሰው ሁሉ ስለ ሸውራራ ዓይን የሚያውቀው እጅግ ጥቂት መሆኑ ነው። ለብዙዎች መንሸዋረር የመልክ ነገር ነው። ትንሽ ያሳፍራል፣ ትንሽ ያስቃል፣ ለልጅ ቅጽል ስም ይሆናል። ከዚያ ያለፈ ቁም ነገር ያለው አይመስልም።

አለው። በሕፃንነት የተንሸዋረረ ዓይን ችግሩ ከውጭ የሚታየው ብቻ አይደለም፤ ትልቁ ጉዳት የሚደርሰው ማንም በማያየው ቦታ፣ በአንጎል ውስጥ ነው። ጉዳቱም ቀን ይቆጥራል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከተደረሰበት ብዙውን ማትረፍ ይቻላል፤ እየዘገየ በሄደ ቁጥር የሚተርፈው እያነሰ ይሄዳል። ስለዚህ በየቤቱ የሚሰማው «ተዉት፣ ሲያድግ ይስተካከላል» የሚለው ምክር የዋህ ቢመስልም በአንድ ሕፃን ዕድሜ ላይ የሚተላለፍ ውሳኔ ነው። ውሳኔውን የሚያሳልፉት አዋቂዎች ናቸው፣ ዋጋውን የሚከፍለው ግን ያልተጠየቀው ልጅ ነው።

ምክሩ ከየት እንደመጣ መገመት አያስቸግርም። አዲስ የተወለደ ሕፃን ዓይኖቹን አስተባብሮ አንድ ነገር ላይ ማሳረፍ ገና አልለመደም። እስከ ሦስትና አራት ወር ድረስ አልፎ አልፎ ቢንከራተቱ ብዙ ጊዜ በራሱ የሚጠፋ ነገር ነው። ሌላም አለ። አንዳንድ ሕፃናት የአፍንጫቸው ድልድይ ሰፊ ስለሆነ፣ ወይም በዓይናቸው የውስጥ ጥግ ያለው ቆዳ ነጩን ክፍል ስለሚሸፍነው፣ ዓይናቸው ቀጥ ብሎ ሳለ የተንሸዋረረ ይመስላል። ፊታቸው ሲያድግ ያ መምሰል ይጠፋል። አያት በልጅ ልጇ ያየችው ይህን ከሆነ «ሲያድግ ይስተካከላል» ማለቷ ትክክል ነበር። አደጋው ይኸው ምክር ከአራት ወር በኋላም፣ በእውነት ለተንሸዋረረ ዓይንም ሲሰጥ ነው። ሁለቱን በዓይን ግምት መለየት ለወላጅ ቀርቶ ለባለሙያም ሊያስቸግር ይችላል።

ከአንጎል ጋር ያለውን ግንኙነት ለመረዳት ማየት የሚባለው ነገር የት እንደሚፈጸም ማወቅ ያስፈልጋል። ዓይን ብርሃን ተቀብሎ መልእክት ይልካል እንጂ ያየውን የሚተረጉመው አንጎል ነው። ከሁለቱ ዓይኖች የሚነሱት የነርቭ ክሮች በመንገድ ላይ ከተገናኙና ከተከፋፈሉ በኋላ በመሐል አንጎል ባለ ጣቢያ አልፈው ከማጅራት ከፍ ብሎ ወዳለው የአንጎል ክፍል ይደርሳሉ። እዚያ ሲደርሱ የግራው ዓይን መልእክትና የቀኙ ዓይን መልእክት መጀመሪያ ጎን ለጎን በተሰመሩ ጠባብ መደቦች ላይ ያርፋሉ። ቀጥለው ደግሞ ከሁለቱም በሚቀበሉ ህዋሳት ላይ ይገናኛሉ። ሁለት ዓይን ያለው ሰው አንድ ዓለም ብቻ የሚያየው በዚህ መገናኘት ነው።

ሁለቱ ዓይኖች በጥቂት ሴንቲ ሜትር ስለሚራራቁ እያንዳንዳቸው የሚልኩት ምስል በመጠኑ ይለያያል። አንጎል ልዩነቱን አይጥለውም፤ ይለካዋል። ከልዩነቱም ተነስቶ የትኛው ነገር እንደቀረበ፣ የትኛው እንደራቀ ያሰላል። በመርፌ ቀዳዳ ክር ማስገባት፣ የተወረወረ ኳስ መቅለብ፣ ቡናን ከጀበና ወደ ሲኒ ሳያፈሱ መቅዳት ሁሉ በዚህ ስሌት ይቀልላሉ። ችሎታው በጨቅላው ላይ መታየት የሚጀምረው ከሦስት እስከ አምስት ወር ባለው ጊዜ ነው። አብሮት የሚወለደው ለችሎታው የሚሆነው መነሻ ነው፤ ግንባታው የሚጠናቀቀው በሚያየው ነገር ነው። ሁለቱ ዓይኖች በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ላይ እያረፉ መልእክታቸው ደጋግሞ ሲገጣጠም ግንኙነቱ ይጠነክራል፤ ካልተገጣጠመ ይላላል።

ይህን ዓለም የተረዳው ከድመት ግልገሎች ነው። ዴቪድ ሁበልና ቶርስተን ዊዝል የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1958 በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ አብረው መሥራት ጀመሩ፤ ወዲያውም ወደ ሃርቫርድ ተዛወሩ። ሐኪሞች ቀድሞም የሚያውቁት አንድ እንቆቅልሽ ነበር። ሲወለድ የዓይን ሞራ የነበረበት ልጅ ዘግይቶ ሞራው ቢወጣለትና ዓይኑ ንጹሕ ቢሆን እንኳ በደንብ አያይም። ያደገ ሰው ግን ለዓመታት ሞራ ሸፍኖት ቆይቶ ሲወጣለት መልሶ ያያል። ዓይኑ በሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ከሆነ ልዩነቱ ከየት መጣ?

ሁለቱ ሰዎች የአንድ ግልገል ድመት አንድ ዓይን ቆብ ሰፍተው ለሳምንታት ዘጉ፤ ከዚያም ከፈቱት። እ.ኤ.አ. በ1963 ያወጡት ውጤት አስደንጋጭ ነበር። የተከፈተው ዓይን ራሱ ጤነኛ ነበር፤ በአንጎሉ የማያ ክፍል ግን ለዚያ ዓይን መልስ የሚሰጥ ህዋስ ከሞላ ጎደል አልተገኘም። ሳይዘጋ የቆየው ዓይን የወንድሙን ቦታ ወርሶታል። ያንኑ ሙከራ ባደገ ድመት ላይ ሲያደርጉት ምንም አልሆነም። ጉዳቱ የሚደርሰው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ገደማ ብቻ ነው። በዚያውም ውስጥ በጣም ስስ የሆነ ሰሞን አለ፤ አራተኛው ሳምንት አካባቢ ዓይኑን ለሦስትና አራት ቀን መዝጋት ብቻውን ከፍተኛ ጉዳት ያደርሳል። ለዚህና ለተያያዙ ግኝቶቻቸው እ.ኤ.አ. በ1981 የኖቤል ሽልማት ከሮጀር ስፔሪ ጋር ተጋርተዋል።

ለሸውራራ ዓይን በቀጥታ የሚነግረው ግን እ.ኤ.አ. በ1965 ያወጡት ሌላው ሥራቸው ነው። በዚህኛው ዓይን አልዘጉም። አንዷን የዓይን ጡንቻ ቆርጠው የግልገሎቹን ዓይን ወደ ውጭ አንሸዋረሩት እንጂ ሁለቱም ዓይኖች ክፍት ነበሩ፤ ብርሃንም ምስልም ይደርሳቸው ነበር። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሁለቱ ዓይኖች በአንድ ጊዜ አንድ ነገር አያዩም። በጤነኛ ድመት አንጎል ከአምስት ህዋሳት አራቱ ያህል ከሁለቱም ዓይኖች ይቀበላሉ። በእነዚህ ውስጥ ግን ከአምስት አንዱ ያህል ብቻ ሆኖ ተገኘ። ቀሪዎቹ ወይ የግራ ወይ የቀኝ ሆነው ተለያይተዋል። ለማየት ብርሃን መግባቱ ብቻ አይበቃም ማለት ነው፤ ሁለቱ ዓይኖች መስማማት አለባቸው።

በሰው ልጅ ላይም የሚሆነው ከዚህ የተለየ አይደለም፤ ልዩነቱ ጊዜው ረዘም ማለቱ ነው። አንዱ ዓይኑ የዞረ ሕፃን በአንድ ጊዜ ሁለት የማይገጥሙ ምስሎች ይደርሱታል። ትልቅ ሰው በድንገት ቢደርስበት ሁለት ሁለት እያየ ይደናበራል። የሕፃን አንጎል ግን ገና እየተሠራ ስለሆነ መላ አለው፤ የአንደኛውን ዓይን መልእክት ያፍነዋል። ልጁ አይደናበርም፣ አያለቅስም፣ አያማርርም። ሰላም አገኘ። የሚታፈነው ሁልጊዜ ያው አንዱ ዓይን ከሆነ ግን ከዚያ ዓይን ጋር የሚገናኘው የአንጎል ክፍል በአግባቡ ሳይሠራ ይቀራል። ይህ ነው አምብሊዮፒያ የሚባለው። በተለምዶ «ሰነፍ ዓይን» ይሉታል፤ ዓይኑ ግን የሰነፈበት ነገር የለም። መልእክቱን ይልካል፣ የሚሰማው አጣ እንጂ።

አንዳንድ ልጆች ደግሞ ይቀያይራሉ፤ አንዴ በግራው፣ አንዴ በቀኙ ያያሉ። የእነዚህ ሁለቱም ዓይኖች በየተራ ስለሚሠሩ እያንዳንዱ ለየብቻው ሲለካ ጥሩ ያያል። ስለዚህም «ምንም የለበትም» ተብለው ይመለሳሉ። የሚያጡት ግን ሁለቱን አጣምሮ ጥልቀትን የማየት ችሎታን ነው። በርግጥ አንድ ዓይን ብቻ ያለው ሰውም ከጥላ፣ ከመጠንና ከእንቅስቃሴ ተነስቶ ርቀትን መገመት ይችላል፤ መኪና የሚነዳም፣ የሚሰፋም አለ። ይህ ግን ልጁ ሊኖረው ሲችል ያጣውን ነገር ትንሽ አያደርገውም።

ለዚህ ጥሩ ምስክር የምትሆነው አሜሪካዊቷ የነርቭ ሳይንስ ምሁር ሱዛን ባሪ ናት። በሕፃንነቷ ዓይኖቿ ወደ ውስጥ ይዞሩ ነበር። በልጅነቷ ሦስት ጊዜ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት በመስታወት ሲታዩ ቀጥ አሉ። ቤተሰብም ሐኪምም ነገሩ ያለቀ መሰላቸው። እሷም እንደ ሌላው ሰው የምታይ እየመሰላት አደገች። እንደማታይ ያወቀችው ዩኒቨርሲቲ ገብታ ስለዚሁ ጉዳይ በሚሰጥ ትምህርት ላይ ነው። ዓይኖቿ ተስተካክለዋል፤ አንጎሏ ግን አሁንም አንዱን እያፈነ በየተራ ነበር የሚጠቀምባቸው። ከዓመታት በኋላ፣ ወደ ሃምሳ በተጠጋ ዕድሜዋ፣ በተከታታይ የዓይን ልምምድ ጥልቀትን ማየት ጀመረች። ሐኪሙና ደራሲው ኦሊቨር ሳክስ እ.ኤ.አ. በ2006 ታሪኳን ጻፈላት፤ እሷም በ2009 የራሷን መጽሐፍ አወጣች።

ከታሪኳ ሁለት ትምህርት ይወሰዳል። አንደኛው ዓይን ቀጥ ማለቱና አንጎል ሁለቱን ማጣመሩ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው ነው፤ ቀዶ ሕክምና ያደረገ ልጅ ክትትሉ አላለቀም። ሁለተኛው ደግሞ ጊዜው አለፈ ማለት ተስፋው ሁሉ ተቆረጠ ማለት እንዳልሆነ ነው። ድሮ ሐኪሞች ከሰባት ዓመት በላይ የሆነ ልጅ ሲመጣ «ዘግይታችኋል» ብለው ይመልሱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 በአሜሪካ የወጣ ሰፊ ጥናት ግን ከ7 እስከ 12 ዓመት ባሉትና መነጽርን ጨምሮ ሙሉ ሕክምና ባገኙ ልጆች ግማሽ በሚያህሉት ላይ መሻሻል አይቷል። ስለዚህ የአሥር ዓመት ልጅ ያላትን እናት ተስፋ የሚያስቆርጥ ሰው ተሳስቷል። የአሥር ወር ልጅ ያላትን እናት ጠብቂ የሚላት ግን የባሰ ተሳስቷል። ሰኔ ላይ ያልተዘራ ማሳ ዘግይቶም ጥቂት ሊያበቅል ይችላል፤ ያን አይቶ ሰኔን በከንቱ የሚያሳልፍ ገበሬ ግን የለም።

ሕክምናው ደግሞ ብዙ ሰው እንደሚፈራው አይደለም። ከሁለትና ከሦስት ዓመት ጀምሮ ዓይናቸው ወደ ውስጥ የሚዞር ብዙ ልጆች ችግራቸው መነጽር ማጣት ነው። አጥርቶ ለማየት ዓይናቸው ከመጠን በላይ ይጨነቃል፣ ጭንቀቱም ዓይኑን ወደ ውስጥ ይስበዋል። ትክክለኛው መነጽር ሲደረግላቸው ዓይናቸው ያለ ቀዶ ሕክምና ሊቃና ይችላል። እዚህ ላይ «መነጽር ዓይን ያደክማል» የሚለው ልማድ በሩን ይዘጋል። መነጽሩን ሲያወልቁት ዓይኑ ተመልሶ ሲዞር የሚያዩ ወላጆች «አስለመዱት» ይላሉ። መነጽሩ ምንም አላስለመደውም፤ ሥራውን ይሠራ ነበር፣ ሲወልቅ ሥራው ቆመ።

አምብሊዮፒያ ካለ ደግሞ ደህናው ዓይን በቀን ለተወሰነ ሰዓት ይሸፈናል፤ አንጎል የረሳውን ዓይን እንዲያዳምጥ ለማስገደድ። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ ጥናት መካከለኛ ደረጃ ላይ ላሉ ልጆች በቀን ሁለት ሰዓት መሸፈን ስድስት ሰዓት ከመሸፈን ጋር የሚመጣጠን ውጤት እንደሚሰጥ አሳይቷል። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ መሸፈኛውን እንቢ ላሉ ልጆች በደህናው ዓይን የሚንጠባጠብ አትሮፒን የተባለ መድኃኒት አማራጭ መሆኑን አረጋግጧል። በመጀመሪያው ዓመት የሚጀምረውና ሁልጊዜ የሚታየው መንሸዋረር ግን ብዙ ጊዜ ጡንቻውን ማስተካከያ ቀዶ ሕክምና ይፈልጋል፤ ብዙ ሐኪሞችም ሁለት ዓመት ሳይሞላው ቢሠራ ይመርጣሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በሰው ልጅ ሁለቱን ዓይን የማጣመር ችሎታ ለጉዳት ይበልጥ የሚጋለጠው ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ባለው ዕድሜ ነው።

መጠበቅን ይበልጥ አደገኛ የሚያደርግ ሌላ ነገር አለ። አንዳንድ ጊዜ መንሸዋረር ራሱ በሽታው ሳይሆን የሌላ በሽታ ምልክት ነው። ሬቲኖብላስቶማ የሚባል በጨቅላ ሕፃናት ዓይን ውስጥ የሚነሳ ካንሰር አለ። በብዛት የሚታወቅበት ምልክት በብሌኑ ውስጥ የሚታይ ነጭ ነጸብራቅ ነው፤ ቀጥሎ የሚመጣው መንሸዋረር ነው። ቀድሞ ከተደረሰበት ልጁም፣ ብዙ ጊዜ ዓይኑም ይተርፋል። ከዘገየ ሕይወት ይቀጥፋል። በስልክ በፍላሽ በተነሳ ፎቶ የአንድ ልጅ አንዱ ብሌን ቀይ፣ ሌላው ነጭ ሆኖ ከታየ ሐኪም ጋ የሚሄዱት በዚያው ሳምንት ነው። ነጭ የታየበት ሁሉ ካንሰር አይደለም፤ የዓይን ሞራም ሊሆን ይችላል። እሱም ቢሆን የሚጠበቅ ነገር አይደለም።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ሁሉ እየታወቀ በኢትዮጵያ ለምን ብዙ ልጅ ዘግይቶ ይገኛል የሚለው ነው። አንዱ ምክንያት ልጁ አለማማረሩ ነው። በአንድ ዓይኑ ብቻ ማየቱን አያውቅም፤ ሌላ ዓይነት ማየት አይቶ አያውቅምና። ሁለተኛው ቤተሰቡ የሚያየው እንደ መልክ መሆኑ ነው፤ «አያቱም እንዲህ ነበሩ» ይባላል። ዝምድናው እውነት ሊሆን ይችላል፣ በዘር የሚተላለፍበት አለና። ግን በዘር መምጣቱ አይታከምም ማለት አይደለም። ሦስተኛው ምክንያት ጤናማ የሚመስል ሕፃን ዓይን የሚታይበት ወግ አለመኖሩ ነው። ዓይን ሐኪም ጋ የሚኬደው ሲቀላ፣ ሲያለቅስ ወይም ሲጠፋ ነው። ልጁ ሰሌዳ አላይ ብሎ በመምህር የሚታወቀው አንደኛ ክፍል ሲገባ፣ ሰባት ዓመቱ ነው። ያም ቢሆን አንዱ ዓይኑ ደህና ስለሆነ ሰሌዳውን ያነባል፣ ሳይታወቅም ያልፋል። ከዚያ በኋላ የሚደረገው ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚሉት ዓይነት ነው።

እዚህ ላይ ሊነሳ የሚገባው ተቃውሞ ይነሳል፤ ተቃውሞውም ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 በተካሄደው ብሔራዊ ጥናት ከአገሪቱ ሕዝብ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር፣ 3.7 በመቶው ደግሞ የማየት አቅሙ የቀነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ከዓይነ ስውርነቱ ግማሽ ያህሉ በዓይን ሞራ የመጣ ነው፤ ትራኮማም ትልቅ ድርሻ ይዟል። ሁለት ዓይኗ ጠፍቶ በቤቷ የተቀመጠችን እናት በአንድ ቀን ቀዶ ሕክምና ማዳን እየተቻለ፣ አንድ ዓይኑ ደህና ለሆነ ልጅ ገንዘብና ባለሙያ ማዋል ፍትሕ ነው ወይ? ይህን የሚጠይቅ የጤና ባለሙያ ክፉ አይደለም፤ በእጁ ያለው ትንሽ ነው።

መልሱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ የዓይን ሞራ ያለባት እናት በሚቀጥለው ዓመት ብትታከምም ታያለች። መዘግየቱ ግፍ ነው፣ ዕድሏን ግን አያጠፋውም። የልጁ ግን አይጠብቅም። ሁለተኛ፣ አንድ ዓይን በቂ ነው የሚባለው ደህናው ዓይን ደህና ሆኖ እስከቆየ ነው። በእርሻ፣ በብረት ሥራ፣ በድንጋይ ማንጠሪያ፣ በልጆች ጨዋታ ዓይን ይጎዳል። አንድ ዓይኑ በሕፃንነቱ የታፈነ ሰው ስኮርታ ጎማ ሳይዝ ረጅም መንገድ እንደወጣ ሾፌር ነው። ጎማው እስካልፈነዳ ሰላም ነው፤ የፈነዳ ቀን ግን ከዓይነ ስውራኑ ቁጥር ይደመራል።

ከሁሉም በላይ ግን ልጆቹን ለማግኘት አዲስ ሕንፃ አያስፈልግም። ቀጠሮው አስቀድሞ ተይዟል። የኢትዮጵያ የክትባት መርሐ ግብር እናትን ልጇን ይዛ በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት፣ ከዚያም በ9ኛውና በ15ኛው ወር ወደ ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ ይጠራታል። የመጨረሻዎቹ ሁለት ቀጠሮዎች የሚውሉት የዓይን መንከራተቱ አልፎ እውነተኛው መንሸዋረር በሚለይበት፣ ሕክምናውም በሚያዋጣበት ዕድሜ ነው። የሚያስፈልገው መሣሪያ የእጅ ባትሪ ነው። ባትሪው ከፊት ለፊት ሲበራ ነጸብራቁ በሁለቱም ብሌኖች በተመሳሳይ ቦታ ካረፈ ዓይኑ ቀጥ ያለ ነው፤ በአንዱ መሐል በሌላው ጠርዝ ላይ ካረፈ ልጁ ወደ ባለሙያ ይላካል። አንድ ደቂቃ አይፈጅም። እናትየዋን «ዓይኑ ሲዞር አይተሽ ታውቂያለሽ?» ብሎ መጠየቅም የምርመራው ግማሽ ነው፤ ከማንም በላይ ልጇን የምታየው እሷ ናትና።

ዘግይቶ የሚመጣውንም ለመያዝ ሁለተኛ ቦታ ያስፈልጋል፤ እሱም መዋዕለ ሕፃናትና ኦ ክፍል ነው። ፊደል ለማያውቅ ልጅ እግሯ በየአቅጣጫው የዞረችውን የኢ ምልክት እያሳዩ በጣቱ እንዲያመለክት ማድረግ ይቻላል። ዋናው ቁም ነገር አንዱን ዓይን ሸፍኖ ሌላውን ለብቻው መፈተሽ ነው። ሁለቱ ዓይን ክፍት ሆኖ የሚደረግ ምርመራ የሚፈልገውን ልጅ ያሳልፈዋል። ስዊድን ሁሉንም ልጆች በአራት ዓመታቸው መመርመር ከጀመረች ወዲህ ከባድ አምብሊዮፒያ ያለባቸው ከ2 በመቶ ወደ 0.2 በመቶ ወርደዋል። ኢትዮጵያ ስዊድን አይደለችም፤ የሕፃን አንጎል ግን በሁለቱም አገር በአንድ ሕግ ይሠራል።

ልጅን ፈልጎ ማግኘት ብቻውን ግን ተስፋ ሰጥቶ መካድ ይሆናል። በአገሪቱ በሕፃናት ዓይን ላይ የሠለጠኑ ሐኪሞች ጥቂት ናቸው፤ ያሉትም በትልልቅ ከተሞች ነው። ከገጠር የተላከች እናት የመሳፈሪያ፣ የማደሪያና የመነጽር ወጪ ይጠብቃታል። ለትንሽ ፊት የሚሆን መነጽር በየቦታው አይገኝም። ስለዚህ ምርመራው ከመነጽሩና ከመላኪያው መንገድ ጋር አብሮ መታቀድ አለበት። እዚህ ላይ ጎንደር ዩኒቨርሲቲን በመሳሰሉ ተቋማት የሚሠለጥኑት ኦፕቶሜትሪስቶች ትልቅ ሀብት ናቸው። መነጽርና መሸፈኛ የሚበቃቸውን ልጆች በየአካባቢው ሆስፒታል እነሱ ቢይዙ፣ ወደ ከተማ የሚላከው ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው ብቻ ይሆናል። መሸፈኛው ደግሞ ለወራት የሚዘልቅ የቤት ትግል ነው። ምክንያቱ ያልገባው ቤተሰብ በሁለተኛው ሳምንት ይተወዋል፤ ደህናውን ዓይን ሸፍኖ ደካማውን ማሠራት በመጀመሪያ እይታ እብደት ይመስላልና። አንድ ጊዜ በደንብ ማስረዳት ከብዙ ሐኪም ማዘዣ ይበልጣል።

የቀረው የማኅበረሰቡ ድርሻ ነው። ዓይኑ የተሸፈነ ልጅ ሰፈር ውስጥ ሲስቁበት መሸፈኛውን አውልቆ ይጥለዋል፤ ቅጽል ስም የተሰጣት ልጅ መነጽሯን ደብተሯ ውስጥ ትደብቃለች። በክፍሉ ውስጥ ማሾፉን የሚያስቆም መምህር በዚያች ደቂቃ ሐኪሙ የማይደርስበትን ሕክምና እየሰጠ ነው። ያደጉትም መረሳት የለባቸውም። ትልቅ ሰውም ዓይኑን በቀዶ ሕክምና ማስቀናት ይችላል። የሰውን ፊት ቀና ብሎ ማየት፣ ሥራ ሲጠይቁ አለመሸማቀቅ ለቅንጦት የሚደረግ ነገር አይደለም። ለእነሱ የሕፃንነቱ ጊዜ አልፏል፤ ክብራቸው ግን የሚያልፍበት ጊዜ የለውም።

«ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለውን አባባል የማያውቅ አማርኛ ተናጋሪ የለም። በዚህ ጉዳይ ቅጠሉ አንድ የእጅ ባትሪ፣ አንድ ደቂቃና አንድ ጥያቄ ነው። ለጤና ሚኒስቴር በክትባት ካርዱ ላይ አንድ መስመር መጨመር ነው፤ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ባትሪዋን አንዴ ማብራት ነው፤ ለወላጅ ከአራት ወር በኋላ የዞረን ዓይን ለጎረቤት ሳይሆን ለባለሙያ ማሳየት ነው። «የተንሸዋረረ አመለካከት» የሚለው ስድብ ከአፍ እስኪጠፋ ብዙ ዘመን ይፈጅ ይሆናል። ዛሬ በእናቱ ጀርባ ታዝሎ የዘጠኝ ወር ክትባቱን ሊወጋ ወረፋ የሚጠብቀው ሕፃን ግን ያን ያህል ጊዜ የለውም።